መኪና በፍጥነት ጊዜ ለምን ይንቀጠቀጣል?

የዛሬው ንግግራችን ዕድሜ ስለ ጠገቡ መኪናዎች ነው። በከተማ ውስጥ በ30 ወይም በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ ጸጥ ብሎ የሚሄድ መኪና፣ ከከተማ ወጥቶ 80 ወይም 90 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል። መሪው በእጅ ውስጥ ይርገበገባል፤ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ የተቀመጡትም ቤተሰቦች «ምን ሆነ?» እያሉ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። በዚህ ጊዜ ባለ መኪናው ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። ወይ «አሮጌ ነውና ምን ይደረግ!» ብሎ ችላ ይለዋል፤ ወይም ደንግጦ ወደ ጋራዥ ይሄድና ግዛ የተባለውን ዕቃ ሁሉ ይገዛል። የመጀመሪያው ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ሁለተኛው የወር ደመወዝን ያለ ጥቅም ይጨርሳል። ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም አስቀድሞ መንቀጥቀጡን ራሱን መመርመር ነው።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ሊታሰብበት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አገልግለው ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ በእጃችን ያለው ኮሮላም ሆነ ቮልስዋገን ገና ብዙ ዘመን ሊያገለግለን ይገባል። በሌላ ወገን እንደ አዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች ተከፍተዋል። በጎርበጥባጣ መንገድ ተሰውሮ የኖረ ጉድለት በእንዲህ ያለው ለስላሳ ጎዳና ላይ ሲደርስ ይገለጣል። አሮጌው መኪና ከአዲሱ መንገድ ጋር የተገናኘው እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ከፍጥነት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፤ መንገዱ እንደ መስታወት ለስላሳ ቢሆንም እንኳ ይመጣል። ሁለተኛው ከመንገድ ጋር የሚመጣ መንገጫገጭ ነው፤ መንገዱ ሲከፋ ይከፋል፣ መንገዱ ሲሻል ይሻላል። የመጀመሪያው መነሻው የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ይኸውም ጎማ፣ ቸርኬ፣ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ፣ ወይም ሞተር ነው። የሁለተኛው መነሻ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ሾክ አብዞርበርና የጎማ ነፋስ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ መጠገን የእግር ሕመምተኛን ስለ ጥርሱ እንደ ማከም ይቆጠራል።

አሁን ከፍጥነት ጋር የሚመጣውን እንመልከት። የመኪና ጎማ በመልክ ፍጹም ክብ ቢመስልም፣ ክብደቱ በዙሪያው ሁሉ እኩል ሆኖ አይገኝም። ይህንንም ለማስተካከል በቸርኬው ጠርዝ ላይ ትንንሽ የባላንስ እርሳሶች ይደረጋሉ። አንዱ እርሳስ ወድቆ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። 175፣ 70 እና 13 የሚሉ ቁጥሮች የተጻፉበት የትንሽ መኪና ጎማ ዙሪያው 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ ጎማ በያንዳንዱ ሰከንድ ከ15 ጊዜ በላይ ይዞራል። በቸርኬው ጠርዝ በአንድ ወገን 30 ግራም ብቻ ትርፍ ክብደት ቢኖር፣ በዚያ ፍጥነት 4 ኪሎ ተኩል በሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ይጎትታል። ጎማው በዞረ ቁጥር መጎተቱ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ግን ያው 30 ግራም የሚጎትተው ከ1 ኪሎ ብዙም በማይበልጥ ኃይል ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና። በከተማ የማይሰማ ጉድለት በገጠር መንገድ የሚገንነው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «የእኔ መኪና 90 ላይ ይንቀጠቀጣል፤ 110 ሲደርስ ግን ይተወዋል» ይላል። ይህም ምክንያት አለው። በዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ሕፃን በልኩ ሰዓት ከተገፋ ከፍ ከፍ ይላል፤ ያለ ሰዓቱ የተገፋ እንደ ሆነ ግን ግፊቱ ይባክናል። መኪናም የራሱ የሆነ የመወዛወዝ ልክ አለው። የጎማው ዙረት ከዚያ ልክ ጋር በተገጣጠመበት ፍጥነት መንቀጥቀጡ ይበረታል፤ ሲያልፈው ይቀንሳል። ስለዚህ በፍጥነት አልፎ መሄድ መንቀጥቀጡን ከእጃችን ይሰውረዋል እንጂ ጉድለቱን አያድነውም። ጎማውና መጋጠሚያዎቹ በዚያን ጊዜም መመታታቸውን አያቆሙም።

እንግዲህ መኪናችሁን ልትመረምሩ ስትነሡ ሦስት ጥያቄዎችን ያዙ። በስንት ፍጥነት ይመጣል? በየት በኩል ይሰማል? ምን ስታደርጉ ይለወጣል? መልሱን በአንዲት ትንሽ ወረቀት ጻፉት። በመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ሳይመረመር ውሳኔ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ይህ ሳይታወቅ ዕቃ ሊገዛ አይገባም።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ፣ መንቀጥቀጡ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት የሚመጣ ከሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ነው። እርሳስ ወድቆ ይሆናል፤ ቸርኬ በጉድጓድ ተመትቶ ተጣሞ ይሆናል፤ ወይም በክረምት በቸርኬው የውስጥ ገጽ ተለጥፎ የደረቀ ጭቃ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው በአንድ ባልዲ ውሃና በብሩሽ የሚጠፋ ነውና ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ቸርኬውን በውስጥም በውጭም ማጠብ ይገባል።

መኪናው ገና በ20 ወይም በ30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እንደ ዳክዬ የሚወላከፍ ከሆነ ግን ነገሩ ከባላንስ ያለፈ ነው። ጎማው አንድ ቦታ አብጦ፣ ወይም በውስጡ ያለው የሽቦ ንጣፍ ከጎማው ተላቆ ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ጎማ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ወይም ልጣጩ ሊገነጠል ስለሚችል ከቶ ረጅም መንገድ ሊኬድበት አይገባም።

መንቀጥቀጡ እንደ ንብ ድምፅ ቀጭንና ፈጣን ሆኖ ከወለሉ ሥር የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። እንደ ቀድሞዎቹ የላዳ ታክሲዎች ባሉ፣ ሞተራቸው ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማቸው በሚገፋ መኪናዎች፣ ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚያደርስ ረጅም ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ ከጎማው አራት እጥፍ ያህል ይፈጥናል፤ ጎማው በሰከንድ 15 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ወደ 60 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ ጉድለት በእጅ የሚቆጠር ያህል ሲንቀጠቀጥ፣ የዘንግ ጉድለት እንደ ጉምጉምታ ይሰማል። በዘንጉ ጫፍ ያለው ክሮቼራ የተባለው መጋጠሚያ ላልቶ እንደ ሆነ ይታይ። ሞተራቸው ከኋላ የሆነው የቀድሞዎቹ ቮልስዋገኖች ይህ ረጅም ዘንግ የላቸውም፤ ባለ ቮልስዋገን ስለዚህ ዕቃ ሒሳብ ቢጠየቅ ሊደነቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቦታውን የሚመለከት ነው። መሪው ከተርገበገበ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ በፊት ጎማዎች በኩል ነው። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩና ወለሉ ከተንቀጠቀጡ የኋላዎቹ ይጠረጠራሉ። ይህን ያለ ምንም ወጪ የሚያረጋግጥ ፈተና አለ፤ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት ለውጦ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት መንዳት ነው። ከመሪው ላይ የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ ወንበሩ ከተዛወረ በደለኛው ጎማው ወይም ቸርኬው ነው። መንቀጥቀጡ በቦታው ከቀረ ግን ጎማዎቹ ነጻ ወጡ ማለት ነው፤ ምርመራው ወደ ኩሽኔታ፣ ወደ ቴስቲናና ወደ ሌሎቹ መጋጠሚያዎች ይሂድ።

ሦስተኛው ጥያቄ ነጂው ከሚያደርገው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው ወይም የፍሬኑ ፔዳል የሚርገበገብ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ውፍረቱ እኩል መሆኑን አጥቷል፤ ወይም ታምቡሩ ክብነቱን ለቋል። ለዚህ ባላንስ አይረዳውም። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚንቀጠቀጥና ሲለቀቅ የሚተወው ከሆነ፣ የፊት ጎማቸው በሚጎትት መኪናዎች በኩል ኃይልን ወደ ጎማ የሚያደርሰው የአጭሩ ዘንግ የውስጥ መጋጠሚያ ይጠረጠራል። መሪ አጥብቆ ሲዞር ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ቢሰማ ደግሞ የውጭው መጋጠሚያ ነው።

ሞተሩን ከጎማው ለመለየትም ዘዴ አለ። ቀጥ ባለና ሰው በሌለበት መንገድ ላይ፣ መንቀጥቀጡ በሚመጣበት ፍጥነት ማርሹን አውጥታችሁ መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት አድርጉ። መንቀጥቀጡ ካልተለወጠ ሞተሩ ንጹሕ ነው። ከጠፋ ሞተሩን፣ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች ወይም ከላይ ያልነውን መጋጠሚያ መርምሩ። በዚህ ጊዜ ቁልፉን ከቶ እንዳታጠፉ፤ መሪው ሊቆለፍ፣ የፍሬኑም አጋዥ ኃይል ሊጠፋ ይችላልና። መኪናው ቆሞ ሳለም ሞተሩን ወደዚያው ዙረት ከፍ አድርጎ ማዳመጥ ይቻላል፤ ቆሞም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጎማውን የሚከስ ምክንያት አይኖርም።

ከመንገድ ስትመለሱ በግቢያችሁ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ ይቀራል። መጀመሪያ የጎማ ዳዶዎች መጥበቃቸውን ተመልከቱ፤ የላላ ዳዶ እንደ ባላንስ ጉድለት ይንቀጠቀጣል፣ ፍጻሜው ግን ጎማን ማጣት ነው። ዳዶ የሚጠበቀው ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቁ፣ በመጽሐፉ የታዘዘውን ልክ በመጠበቅ ነው። ጎማ ተፈቶ ከተገጠመ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ ዳዶውን ደግሞ ማየት መልካም ልማድ ነው። ከዚያም መኪናው በደልዳላ መሬት ቆሞ፣ የማይነሡት ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ በክሪክ ይነሣና ጠንካራ መደገፊያ ይግባለት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ነፍስን በአንድ ብረት ላይ ማንጠልጠል ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም ጎማውን የያዘው የብራቾ መጋጠሚያ ላልቷል። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ከተንቀሳቀሰ የመሪው ቴስቲና ይጠረጠራል። ጎማውን በእጅ አሽከርክሩትና ከጎኑ ሆናችሁ ተመልከቱት፤ የሚወላገድ ወይም የሚዘል ከሆነ ዓይናችሁ ራሱ ይመሰክራል።

የጎማውንም ዕድሜ አንብቡ። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ከተጻፈው መካከል የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። ለምሳሌ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ታላላቅ ጎማ ሠሪዎች ጎማ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ ገና ጥልቅ ቢሆንም እንኳ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ብዙ ወራት ሳይነዳ የቆመ መኪና ደግሞ ጎማው መሬት በነካበት በኩል ይጠፈጠፋል። ይህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ጎማው ሲሞቅ ከጠፋ መልካም ነው፤ ካልጠፋ ግን ጎማው ቅርጹን ፈጽሞ ለውጧል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት፣ ከመንገድ ጋር ወደሚመጣው መንገጫገጭ እንሻገር። ከሁሉ የቀለለውና ከሁሉ የሚረሳው ምርመራ የጎማ ነፋስ ነው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ እያንዳንዱን ጠጠር ወደ ወንበሩ ያደርሳል፤ ከልክ በታች የሆነው ደግሞ ይሞቃል፣ ጫፍና ጫፉም ይበላል። ልኩ በብዙ መኪናዎች የነጂው በር በሚዘጋበት ምሰሶ ላይ ተጽፏል። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ በጠዋት ነው። ቀጥሎ የመኪናውን አንድ ማዕዘን በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት። ተነሥቶ ወዲያው ከረጋ ሾኩ ይሠራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ወይም በሾኩ ላይ ዘይት ወርዶ ከታየ ሥራውን አቁሟል። ሾክ የሞተበት ጎማ መንገዱን እየዘለለ ስለሚሄድ ጥርሱ እዚህም እዚያም እንደ ሳህን እየጎደጎደ ይበላል፤ ፍሬን ሲያዝም መኪናው ቶሎ አይቆምም። ሾክ የምቾት ዕቃ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ያስታውስ። ባሌስትራ ያለው መኪና ግን በተፈጥሮው ጠንከር ያለ ነው፤ እንደ አዲስ መኪና ካልተንሳፈፈ ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ክቡራን አድማጮች፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው ሁለት ነገሮችን በማምታታት ስለ ሆነ በዚህ ላይ ጥቂት እንበል። ባላንስና አላይመንት አንድ አይደሉም። ባላንስ የጎማውን ክብደት ያስተካክላል። አላይመንት ጎማዎቹ የሚመለከቱበትን አቅጣጫ ያስተካክላል፤ ጉድለቱም መኪናው ወደ አንድ ወገን በመሳቡና ጎማው ባንድ ጎን በመበላቱ ይታወቃል። በ90 ኪሎ ሜትር ለሚንቀጠቀጥ መሪ አላይመንት ማሠራት አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይሆነውም። ቴስቲና ላልቶ ሳለ አላይመንት ማሠራትም ምሰሶው በተነቃነቀ ቤት ግድግዳ እንደ መለሰን ነው፤ መጀመሪያ መጋጠሚያው ይጠገን፣ ከዚያ ይለካ። እንደዚሁም ክብነቱን ያጣ ጎማ በባላንስ መሣሪያው ላይ ቁጥሩ ዜሮ ቢሆንለትም መዝለሉን አይተውም፤ ስለዚህ መሣሪያው ሲያሽከረክረው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጎማውንም ተመልከቱ።

ወደ ጋራዥ ስትሄዱም «ሾክ ቀይርልኝ» ብላችሁ ትእዛዝ አትስጡ። ይልቁንም «ወንድሜ፣ መኪናው 85 ላይ ይጀምራል፤ 105 ላይ ይቀንሳል፤ የሚሰማው በመሪው ነው፤ ፍሬን ስይዝ አይጨምርም፤ ማርሽ ሳወጣም አይለወጥም» በሉት። ይህን የሰማ መካኒክ፣ ወጣትም ቢሆን፣ «ጋሼ፣ እንግዲያው ከጎማው እንጀምር» ይላችኋል። ጥሩ ባለሙያ በእንዲህ ያለ ደንበኛ ደስ ይለዋል፤ በግምት የሚሠራውም በፊታችሁ መገመት ያፍራል። አንድ ዕቃ ከተለወጠ በኋላ ሌላው ከመነካቱ በፊት መኪናው በዚያው መንገድ ይፈተን። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን የተለወጠለት መኪና ቢድን እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ተቀብላችሁ እዩት፤ ያ ዕቃችሁ ነውና።

በመጨረሻም ምርመራን የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። መንቀጥቀጡ በድንገት፣ ባንድ ጉዞ ውስጥ የጀመረ እንደ ሆነ፤ በየኪሎ ሜትሩ እየባሰ የሚሄድ እንደ ሆነ፤ የሚያንኳኳ ድምፅ አብሮት የመጣ እንደ ሆነ፤ ወይም መሪው ላልቶ መኪናው እንደ ልቡ ወዲያና ወዲህ ያለ እንደ ሆነ፣ ፍሬኑን በድንገት ሳትረግጡ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ከመንገድ ወጥታችሁም ቁሙ። ዳዶዎቹንና ጎማዎቹን ተመልከቱ። ያበጠ ጎማ ወይም የላላ መጋጠሚያ ካገኛችሁ «እስከ ከተማው ድረስ ያደርሰኛል» አትበሉ። ቀጠሮ ቢያልፍ፣ ሠርግም ቢቀር ይቅርታ ይጠየቅበታል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለተነቀለ ጎማ ግን ይቅርታ የለውም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ከመኪናችሁ ላይ የሚመጣው መርገብገብ እንዲህ ያለ የቀደመ ማስጠንቀቂያ ነው። አሮጌ መኪና ሐኪሙን በአፉ ሊያነጋግር አይችልምና በመሪው፣ በወንበሩና በፔዳሉ የሚናገረውን ጽፋችሁ ያዙለት። አንዲት ወረቀት፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ የዳዶ መፍቻና አንድ ሰዓት ትዕግሥት ምርመራውን ለመጀመር ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ ቦታውን ያውቃል፤ ከኋላ የተቀመጡትም ልጆች እንቅልፋቸውን ተኝተው ይደርሳሉ።

መልካም ጉዞ እንመኝላችኋለን።